የዲስከስ ዓሣ ሐኪሙ ውሃው ነው

በከተማ የሚያድጉ ልጆች ከእንስሳት ጋር የሚገናኙበት አጋጣሚ ጠባብ መሆኑ የታወቀ ነው። ሰፊ ግቢ ያለው ቤተሰብ ዶሮ ያረባል፣ ውሻ ያሳድራል። በፎቅ ቤት የሚኖር ቤተሰብ ግን ይህን ለማድረግ ይቸገራል። ከዚህም የተነሣ አንዳንድ ወላጆች በሳሎናቸው ጥግ አኳሪየም፣ ማለትም ዓሣ የሚኖርበት የመስተዋት ገንዳ ማስቀመጥን ይመርጣሉ። ዓሣ አይጮህም፣ ጎረቤት አያስቸግርም። ልጆችም በትዕግሥት መመልከትንና ለሌላ ነፍስ ማሰብን ይማሩበታል።

በዛሬው ዓምዳችን የምንነጋገረው ከእነዚህ የቤት ዓሦች መካከል በውበቱም በአስቸጋሪነቱም ስለሚታወቀው ስለ ዲስከስ ዓሣ ነው። ዲስከስ በዋጋው ከብዙዎቹ የአኳሪየም ዓሦች ይወደዳል። በአግባቡ ከተያዘ አሥር ዓመት ያህል ሊኖር ይችላል፤ ያለ ዝግጅት ከተገዛ ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። በዚህን ጊዜ የሚባክነው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ዓሣውን በስም እየጠራ ሲመግብ የቆየ ሕፃንም ያዝናል። ስለዚህ ዓሣው ከመገዛቱ በፊት ሊታወቅ የሚገባውን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

ዲስከስ ምን ዓይነት ዓሣ ነው?

ዲስከስ የደቡብ አሜሪካው የአማዞን ወንዝና የገባሮቹ ተወላጅ ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ሲምፊሶዶን የሚባለውን ይህን ዓሣ ከሪዮ ኔግሮ ወንዝ ከመጣ ናሙና አጥንቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1840 ኦስትሪያዊው የዓሣ ተመራማሪ ዮሃን ያኮብ ሄከል ነበር። አካሉ ከጎን ሲታይ እንደ ሰሐን ክብ ነው፤ ከፊት ሲታይ ግን ቀጭን ነው። ሙሉ ዕድገቱን የጨረሰ ዲስከስ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል።

ዓሣው ከሩቅ አገር የመጣ ቢሆንም ዘመዱ በማዕዳችን ላይ አለ። ከዝዋይ፣ ከሐዋሳና ከጣና ሐይቆች የምናገኘው ቆሮሶና ዲስከስ ሁለቱም ሲክሊድ ከሚባለው አንድ የዓሣ ቤተሰብ ናቸው። ጠባያቸው ግን ይለያያል። ቆሮሶ ቅዝቃዜንም የውሃ መለዋወጥንም በደንብ ይቋቋማል። ዲስከስ ደግሞ የለመደው ዓመቱን ሙሉ ሞቃት፣ ለስላሳና ዝግ ብሎ የሚፈስ ውሃ ነው። ዛሬ በገበያ የሚገኙት አብዛኞቹ ዲስከሶች እንደ ታይላንድ፣ ማሌዢያና ጀርመን ባሉ አገሮች በማርቢያ የተፈለፈሉ በመሆናቸው ከዱር ዘመዶቻቸው ይልቅ ጠንካሮች ናቸው። ቢሆንም ሙቀትና ንጽሕና መፈለጋቸውን አልተዉም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የልጅ አስተዳደጋቸው ነው። የዲስከስ ጫጩቶች መዋኘት ሲጀምሩ ወደ ወላጆቻቸው ይጠጉና ከቆዳቸው የሚወጣውን ልጋግ ይመገባሉ። በእንግሊዝ አገር የፕሊማውዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ይህ ልጋግ በእርባታው ወቅት በፕሮቲንና በሽታን በሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች እንደሚዳብር አሳይተዋል። ወላጆቹ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ገደማ ሳይሰለቹ ያጠባሉ ለማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ እየሸሹ ልጆቹ ሌላ ምግብ እንዲፈልጉ ያስለምዷቸዋል። ይህን ሁሉ የምታደርገው እናቲቱ ብቻ አይደለችም። አባቱም እኩል ይመግባል፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይተካል። ይህን ነጥብ አንባቢያን በልባችሁ ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በሽታው የሚጀምረው ከውሃው ነው

ዲስከስ ሲጠቁርና ምግብ ሲተው ብዙ ሰው ወዲያው የሚጠይቀው «ምን መድኃኒት ልስጠው?» ብሎ ነው። በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት ግን «ውሃው እንዴት ነው?» የሚለው ነው።

ዓሣ በአንድ ገንዳ ውስጥ ይበላል፣ ይተነፍሳል፣ ይጸዳዳልም። ለእኛ ማድ ቤቱ፣ መኝታ ቤቱና መጸዳጃ ቤቱ አንድ ክፍል ቢሆኑ ማለት ነው። ዓሣው በስንጥቡ አማካይነት አሞኒያ የሚባል መርዝ ወደ ውሃው ያስወጣል። ሳይበላ የቀረ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ደግሞ ውሃው በሞቀ ቁጥር መርዛማነቱ ይብሳል። የዲስከስ ውሃ ሞቃት ስለሆነ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት።

ይህን መርዝ የሚያስወግዱልን በማጣሪያው ስፖንጅ ውስጥ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዳንዶቹ አሞኒያውን ናይትራይት ወደሚባል ነገር ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ስለሆነ ሌሎች ባክቴሪያዎች ተቀብለው ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬቱን የሚያስወጣው ግን ውሃውን በየጊዜው መቀየር ነው።

እንግዲህ አዲስ በተገዛ ማጣሪያ ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች የሉም። ተራብተው እስኪበቁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ገንዳው ያለ ዓሣ ውሃ ተሞልቶ፣ ማሞቂያውና ማጣሪያው እየሠሩ፣ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ እየተጨመረበት መቆየት አለበት። ጤናማ አኳሪየም ካለው ሰው ያገለገለ ስፖንጅ ማግኘት ከተቻለ ጊዜው ያጥራል። ገንዳውና ዓሣው በአንድ ቀን ተገዝተው ወደ ቤት የገቡ እንደሆነ ዓሣው ገና ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ለመርዝ ተጋልጧል ማለት ነው።

ይህን ለማረጋገጥ የውሃ መመርመሪያ ጠብታ መግዛት ያስፈልጋል። አሞኒያና ናይትራይት ሁልጊዜ ዜሮ መሆን አለባቸው። ናይትሬት በሊትር ከ20 ሚሊ ግራም ባይበልጥ ይመረጣል። ውሃ ጥርት ብሎ ስለታየ ብቻ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም፤ አሞኒያ በዓይን አይታይም።

ገንዳው፣ ሙቀቱና አየሩ

ዲስከስ ብቻውን መኖር አይወድም። ሁለት ወይም ሦስት ሲሆኑ ደግሞ ጉልበተኛው ደካማውን እያሳደደ ከምግብ ይከለክለዋል። ስለዚህ 5 ወይም 6 ሆነው ቢቀመጡ ጥሩ ነው። ለአንድ ትልቅ ዲስከስ 40 ሊትር ያህል ውሃ ስለሚታሰብ፣ ለዚህ ቁጥር 250 ሊትር የሚይዝና ከፍታው ወደ 50 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ገንዳ ያስፈልጋል። 250 ሊትር ውሃ ብቻውን 250 ኪሎ ይመዝናል። የመስተዋቱና የመቆሚያው ክብደት ሲጨመር ከዚያ ይበልጣል። በመሆኑም ቡፌ ወይም የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ አደገኛ ነው። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ጠንካራ መቆሚያ ይኑረው፤ ሕፃናት ሊንጠለጠሉበት በማይችሉበት ሥፍራም ይቀመጥ።

የገንዳው ወለል ባዶ ቢሆን ወይም ስስ አሸዋ ብቻ ቢነጠፍበት ለማጽዳት ይቀላል። የኖራ ድንጋይ፣ እብነ በረድና የባሕር ዛጎል ውሃውን ስለሚያከብዱ አይግቡ።

የውሃው ሙቀት ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መሆን አለበት። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ከተማ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ያለ ኤሌክትሪክ ማሞቂያ ዲስከስ ማርባት አይታሰብም። ለ250 ሊትር ውሃ ባለ 150 ዋት ሁለት ማሞቂያዎች ከአንድ ትልቅ ማሞቂያ ይሻላሉ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ዓሣውን ያቆይለታል። ማሞቂያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ ማመን አይገባም፤ ቴርሞሜትር በገንዳው ውስጥ ይኑርና በየቀኑ ይነበብ።

ሌላው የማይዘነጋ ጉዳይ አየር ነው። ሙቅ ውሃ ከቀዝቃዛ ውሃ ያነሰ ኦክስጅን ይይዛል። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ደግሞ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው አንድ አራተኛ ያህል ያንሳል፤ በውሃው ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በባሕር ጠረፍ ከተማ ለሚኖር አሳዳሪ የተጻፈ መመሪያ ይህን አያስታውሰንም። ስለዚህ በደጋ ከተማ የምንኖር ሰዎች ዓሣ ማጨናነቅ የለብንም፤ አየር የሚነፋ ትንሽ ፓምፕም ቀንና ሌሊት እንዲሠራ ማድረግ አለብን።

ውሃ መቀየር

ለትልልቅ ዲስከሶች በሳምንት አንድ ሦስተኛ ያህሉን ውሃ መቀየር ዝቅተኛው ግዴታ ነው። ከተቻለ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢሆን ይበልጥ ይስማማቸዋል። ለታዳጊ ዲስከሶች ብዙ ስለሚበሉና ብዙ ስለሚጸዳዱ ከዚህም መብለጥ አለበት። ከ250 ሊትር አንድ ሦስተኛው ወደ 80 ሊትር ይጠጋል። ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 4 ጊዜ ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን መጠን ከቤተሰቡ መጠጥና ማብሰያ ሳይሻሙ ማግኘት ይቻል እንደሆነ አስቀድሞ ማስላት ብልህነት ነው።

የቧንቧ ውሃ ለሰው ጤንነት ሲባል ክሎሪን ይጨመርበታል። ክሎሪን የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል፤ ጠቃሚዎቹንም ባክቴሪያዎች ይገድላል። ውሃው አፉ በተከፈተ ንጹሕ በርሜል ተቀድቶ፣ የአየር ፓምፕ እየነፋበት 24 ሰዓት ከቆየ ተራው ክሎሪን ይወጣለታል። ክሎራሚን የተባለው ዓይነት ግን በዚህ መንገድ አይለቅም። በየትኛው እንደታከመ እርግጠኛ ላልሆነ ሰው ለአኳሪየም የተሠራውን ማርከሻ ጠብታ መጠቀም ይበጀዋል። ሕፃናት ባሉበት ቤት በርሜሉ ጠንካራ ክዳን ወይም የታሰረ ወንፊት ይኑረው። ክፍት የውሃ በርሜል ለሕፃን ሕይወት አደገኛ ነው።

አዲሱ ውሃ ከመጨመሩ በፊት ሙቀቱ ከገንዳው ውሃ ጋር መመሳሰል አለበት። በማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ በባልዲው ውስጥ ቀላቅሎ በቴርሞሜትር መለካት ይበቃል። ልዩነቱ ከ1 ወይም ከ2 ዲግሪ አይብለጥ።

የአዲስ አበባ ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም በአቃቂ በኩል ከሚገኙ ጉድጓዶች ይመጣል። ከጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ብዙ ጊዜ ከግድብ ውሃ ይልቅ ማዕድን ይበዛበታል። አንባቢያን በዚህ አይሸበሩ። በማርቢያ ያደገ ዲስከስ መጠነኛ ማዕድን ያለበትን ውሃ ይለምዳል፤ የሚጎዳው የሚለዋወጥ ውሃ ነው። ዛሬ አንድ ዱቄት፣ ነገ ሌላ ጠብታ እየጨመሩ የውሃውን ጠባይ ለማስተካከል መሯሯጥ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። እንቁላል ማስፈልፈል የሚፈልግ ሰው ብቻ ለስላሳ ውሃ ማዘጋጀት ይኖርበታል።

ስፖንጁ ሲቆሽሽ በቧንቧ ሥር አይታጠብ። ከገንዳው በወጣው ውሃ ውስጥ ቀስ ተብሎ ቢጨመቅ ባክቴሪያዎቹ ይተርፋሉ። ከገንዳው የወጣው ውሃም አይደፋ፤ ናይትሬት ስላለው ለአበባና ለጓሮ አትክልት መልካም ነው። ጨው ወይም መድኃኒት የገባበት ከሆነ ግን ለተክል አይሆንም።

ምግቡ

ታዳጊ ዲስከስ በቀን 4 ወይም 5 ጊዜ ጥቂት ጥቂት መብላት አለበት። ትልቁ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ይበቃዋል። ስለዚህ እናትም አባትም ጠዋት ወጥተው ማታ በሚመለሱበት ቤት ትንንሾቹን ከመግዛት ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ያደጉትን መግዛት ይሻላል። ትንሹ በዋጋ ቢረክስም በቂ ምግብ ሳያገኝ ቢያድግ አካሉ ይቀጭጫል፤ ዓይኑም ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ተልቆ ይታያል።

ለዲስከስ የተዘጋጀ እንክብል ምግብ ዋናው ሊሆን ይችላል። አርቴሚያ የሚባለው በበረዶ የደረቀ ትንሽ የጨው ውሃ እንስሳም ይስማማዋል። ከወንዝ ዳር የተለቀመ ሕያው ትል ግን በሽታ ሊያመጣ ስለሚችል ይቅር። ብዙ አርቢዎች የበሬ ልብ ፈጭተው ይሰጣሉ። ይህ ዓሣውን ቶሎ ያሳድገዋል፤ ነገር ግን ውሃውን ቶሎ ያበላሻል። የሚሰጥ ከሆነ ስቡና ጅማቱ ፈጽሞ ወጥቶ፣ በጥቂቱ፣ አልፎ አልፎ ይሁን። በ10 ወይም በ15 ደቂቃ ውስጥ ያልተበላ ማንኛውም ምግብ ከገንዳው ይውጣ። እንግዳ የመጣ ጊዜ ልጆች ዓሣው ሲበላ ለማሳየት ደጋግመው ምግብ እንዳይበትኑም መምከር ያስፈልጋል።

ሲታመም ምን ይደረግ?

ጤነኛ ዲስከስ ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ክንፉን የዘረጋ፣ ሰው ሲጠጋ ምግብ ፍለጋ ወደ መስተዋቱ የሚቀርብ ነው። የሚጠቁር፣ ጥግ ይዞ የሚቆም፣ ክንፉን የሚያጥፍ፣ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ወይም ሰውነቱን ከዕቃ ጋር የሚያሽ ከሆነ ችግር አለ። በዚህን ጊዜ ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ነው፦ መጀመሪያ ቴርሞሜትሩን ያንብቡ። ቀጥሎ አሞኒያና ናይትራይት ይለኩ። ከዚያም ክሎሪኑ በወጣለትና በሞቀ ውሃ አንድ ሦስተኛውን ይቀይሩ። ብዙ ጊዜ ዓሣው በማግሥቱ ይሻለዋል። ከሱቅ ወደ ቤት በመጣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ አለመብላቱ ግን ከድንጋጤ የሚመጣ ስለሆነ አያስደነግጥም።

ውሃው ደህና ሆኖ ዓሣው ካልተሻለው ስለ ሁለት የታወቁ በሽታዎች ማሰብ ይገባል። ነጭና እንደ ክር የተንጠለጠለ ዓይነ ምድር የሚያወጣ፣ ምግብ የሚተውና የሚከሳ ዓሣ ሄክሳሚታ በሚባሉት ወይም በዘመዶቹ ጥቃቅን የአንጀት ተውሳኮች ተይዞ ሊሆን ይችላል። አንዱን ስንጥብ ዘግቶ በሌላው ብቻ የሚተነፍስና የሚተሻሽ ከሆነ ደግሞ የስንጥብ ጥገኛ ትል ይጠረጠራል። ለመጀመሪያው ሜትሮኒዳዞል፣ ለሁለተኛው ፕራዚኳንቴል የተባሉት መድኃኒቶች ይሰጣሉ። እነዚህ መድኃኒቶች ለሰውም የሚታዘዙ ስለሆኑ ከቤት መሳቢያ የተረፈውን እንክብል አንሥቶ ገንዳ ውስጥ መጨመር ሊያጓጓ ይችላል። ይህ ስሕተት ነው። መጠኑ በውሃው ልክ ካልተሰላ ተውሳኩን ሳይገድል ያላምደዋል፤ በዘፈቀደ የተጨመረ ሌላ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትም የማጣሪያውን ባክቴሪያ ጨርሶ ውሃውን ወደ መርዝ ሊለውጠው ይችላል። በመሆኑም የእንስሳት ሐኪም ሳያማክሩ ምንም መድኃኒት አይጨምሩ።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ከሕክምናው የሚበልጠው መከላከሉ ነው። አዲስ ዓሣ ሲገዛ ለብቻው በሌላ ገንዳ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆይ። ደህና መስሎ የሚታይ አንድ ዓሣ ተላላፊ በሽታ ይዞ ገብቶ ሌሎቹን ሁሉ ሊጨርሳቸው ይችላል። ለዚያኛው ገንዳ መረቡም ባልዲውም የተለየ ይሁን።

መብራት ሲጠፋ

መብራት ሲጠፋ ማሞቂያውም ማጣሪያውም ፓምፑም በአንድነት ይቆማሉ። ከሦስቱ ቀድሞ የሚያሰጋው የአየር እጦት ነው። ብዙ ውሃ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅምና። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ቢኖር መልካም ነው፤ ከሌለ ግን ከገንዳው በንጹሕ ጆግ ውሃ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ቢያፈሱት አየር ይገባበታል። ገንዳውን በጎንና በጎኑ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ መሸፈን ሙቀቱን ያቆያል፤ አናቱ ግን ለአየር ይከፈት። መብራቱ እስኪመለስ ምግብ አይሰጥ። ማጣሪያው ዝግ ዓይነት ከሆነና ለብዙ ሰዓት ከቆመ በውስጡ የተበላሸው ውሃ ተደፍቶ እንጂ እንዲሁ መነሣት የለበትም።

ለቤተሰቡ ጥንቃቄ

እጅ ወደ ገንዳው ከመግባቱ በፊት የኤሌክትሪክ መሰኪያዎች ሁሉ ይነቀሉ። ማሞቂያው ውሃው ከመቀነሱ 15 ደቂቃ ቀደም ብሎ መነቀል አለበት፤ ግሎ ሳለ ከውሃ ውጪ ከቀረ ይሰነጠቃል። ሽቦው ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ወደ ታች እንዲረግብ ቢደረግ የሚንጠባጠብ ውሃ ወደ ሶኬቱ አይደርስም።

ውሃ በቱቦ ሲወጣ በአፍ አይሳብ። ቁስል ያለበት እጅ ያለ ጓንት አይግባ፤ በአኳሪየም ውሃ ውስጥ የቆዳ ቁስል የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። ከሥራው በኋላ ትልቅም ትንሽም እጁን በሳሙና ይታጠብ። የዓሣው ባልዲ ግን ሳሙናም በረኪናም ነክቶት አያውቅ። ለትኋን፣ ለበረሮ ወይም ለትንኝ የሚረጨው ፀረ ተባይ ለዓሣ እጅግ መርዛማ ነው፤ የአየር ፓምፑ ከክፍሉ አየር ስቦ ወደ ውሃው ያስገባዋል። ስለዚህ ገንዳው ባለበት ክፍል ፀረ ተባይ አይረጭ።

ሥራው የማን ነው?

እስካሁን የዘረዘርነው ሁሉ ከተደመረ ዲስከስ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ፣ በየሳምንቱም አንድ ሰዓት ያህል የሚጠይቅ ሥራ ነው። ዓሣው ሲገዛ ደስታው የሁሉም ነው። ከወር በኋላ ግን ጀሪካኑን የምትሸከመው፣ መስተዋቱን የምትወለውለው እናት ሆና የምትገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ከሥራ ገብታ ራት ለምታበስል፣ ልብስ ለምታጥብና ልጅ ለምታስጠና ሴት ይህ ተጨማሪ ቀንበር ነው። የቤት ሠራተኛ ባለችበት ቤት ደግሞ ማንም ሳያስተምራት ኃላፊነቱ በእርሷ ላይ ይወድቅና ዓሣው ሲሞት ወቀሳው ለእርሷ ይሆናል። ይህ ፍትሐዊ አይደለም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው። ስለዚህ ዓሣው ከመገዛቱ በፊት ቤተሰቡ ተቀምጦ ሥራውን ይከፋፈል። ለምሳሌ አባት ቅዳሜ ጠዋት ውሃውን ይቀይር፤ ከባዱ ጀሪካን የእርሱ ድርሻ ይሁን። ከፍ ያለው ልጅ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ጠዋትና ማታ ይመግብ፤ ቴርሞሜትሩን አንብቦ በደብተር ይመዝግብ። እናት በሳምንት አንድ ቀን ውሃውን በጠብታ ትመርምር። የቤት ሠራተኛዋም ፀረ ተባይና ሳሙና ለምን እንደማይፈቀድ በትዕግሥት ይነገራት። ቀደም ሲል የጠቀስነውን እናስታውስ፤ ዲስከስ ራሱ ልጆቹን የሚያሳድገው ባልና ሚስቱ እየተተካኩ ነው።

ተነጋግራችሁ ውሃው በቂ እንዳልሆነ፣ ወይም ጊዜው እንደማይገኝ ከተረዳችሁ ዲስከሱን መተው የሚያሳፍር አይደለም። ጉፒን የመሰለ ትንሽና ቻይ ዓሣ በአነስተኛ ገንዳ ውስጥ ልጆችን ያስደስታል። እርሱም ቢሆን ንጹሕ ውሃ ይሻል፤ ስሕተትን ግን የበለጠ ይታገሣል። አንዴ ገዝቶ ማሳደር ያቃተው ሰውም ዓሣውን ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ አይልቀቅ። ከአካባቢው ቅዝቃዜ ሊሞት፣ በሽታም ለአገሬው ዓሦች ሊያዛምት ይችላል። ለሚችል ሰው መስጠት ይሻላል።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ዲስከስን ጤነኛ የሚያደርገው ውድ መድኃኒት አይደለም። ሞቃት፣ ንጹሕና የማይለዋወጥ ውሃ፣ እንዲሁም ይህን ውሃ በየሳምንቱ የሚያስብ ቤተሰብ ነው። ይህን ማዘጋጀት የሚችል ቤት ዓሣውን ይግዛ። በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።